«እስቲ እንደገና አንብቢልኝ»፦ ስለ ታሪክ ሊቁ ቼን ዪንኬ ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

36 ዓመት ታሪክ ሳስተምርና የቆዩ ሰነዶችን ሳገላብጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለፈው ዓመት የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኖቼን ስለጋረደብኝ፣ ሐኪም እስኪገፍልኝ ድረስ ለአምስት ወር አንዲት መስመር እንኳ በራሴ ማንበብ አልቻልኩም ነበር። በእነዚያ ወራት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ምሽት ምሽት አጠገቤ ተቀምጣ ታነብልኝ ነበር። ፈጣን አንባቢ ናት፤ ቁጥርና የሰው ስም ሲመጣ ግን ቶሎ ብላ ስለምታልፈው «እስቲ እንደገና አንብቢልኝ» እያልኩ አስቆማት ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት አንብቤ ያለፍኩት የአንድ ቻይናዊ የታሪክ ሊቅ ሕይወት ተመልሶ ልቤ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። ቼን ዪንኬ ይባላሉ። በሕይወታቸው የመጨረሻዎቹን ወደ 25 የሚጠጉ ዓመታት የዓይናቸውን ብርሃን አጥተው የኖሩ ሲሆን፣ ከሁሉ የሚረዝመውን መጽሐፋቸውን የጻፉትም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ይሁን እንጂ ስለ እርሳቸው ልጽፍላችሁ የወደድኩት ዓይነ ስውር ስለነበሩ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በገዛ አእምሮው ለመቆም ምን እንደሚያስፈልገው ከእርሳቸው ሕይወት አብልጦ የሚያሳይ ምሳሌ በሙያ ዘመኔ ስላላገኘሁ ነው።

ቼን የተወለዱት በ1890 በሁናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በቻንግሻ ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አያታቸው ቼን ባኦጀን ኋላ የዚያው ክፍለ ሀገር ገዥ ሆነው፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትና ጋዜጣ እንዲቋቋም፣ አገራቸውም እንድትለወጥ የደከሙ ሰው ነበሩ። በ1898 ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት የጀመረው «የመቶ ቀናት ለውጥ» በእቴጌ ሲሺ ሰዎች ሲከሽፍ አያትየው ከነልጃቸው ከሥልጣን ተሻሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሞቱ። አባታቸው ቼን ሳንሊ ከዚያ ወዲህ ወደ ሹመት ዞር ብለው ሳያዩ ግጥም እየጻፉ ኖሩ። እንግዲህ ቼን ያመነበትን የሚሠራ ሰው ምን ዋጋ እንደሚከፍል በገዛ ቤታቸው ያዩት የ8 ዓመት ልጅ ሳሉ ነው።

ከ1902 አንሥቶ እስከ 1925 ድረስ፣ በመሃሉ ወደ አገራቸው እየተመለሱም ቢሆን፣ በጃፓን፣ በበርሊን፣ በዙሪክ፣ በፓሪስ፣ በአሜሪካው ሃርቫርድ፣ ከዚያም ዳግመኛ በበርሊን ተማሩ። ሳንስክሪትን፣ ፓሊን፣ ቲቤትኛን፣ ሞንጎልኛን፣ ማንቹኛን እና ሌሎች የመካከለኛው እስያ ቋንቋዎችን አጠኑ። ከጀርመን ዘመናቸው የተረፉት የቋንቋ ደብተሮች ብቻ ከ60 በላይ ናቸው። ይህን ሁሉ ተምረው ሲመለሱ ግን በእጃቸው አንድም ዲግሪ አልነበረም። የሚፈልጉትን የሚያስተምር ሊቅ ካለበት ይሄዳሉ፤ ትምህርቱ ሲበቃቸው ይነሣሉ፤ መመረቂያ ወረቀቱን አይጠብቁም።

ይህን ስትሰሙ ዲግሪ ከንቱ ነው ያልኳችሁ እንዳይመስላችሁ። ቼን የታወቀ ቤተሰብ ልጅ ነበሩ፤ ለከፊሉ ጉዞም የመንግሥት ድጎማ ነበራቸው። እንዲህ ያለ መሠረት የሌለው ወጣት የእርሳቸውን መንገድ ልከተል ብሎ ትምህርቱን ቢያቋርጥ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ መመረቂያችሁን ያዙ። ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ጥያቄ ነው። ቼን በየደረሱበት ከተማ ራሳቸውን ይጠይቁ የነበረው «ምን ማዕረግ ላግኝ?» ብለው ሳይሆን «ይህን የጥንት ጽሑፍ በትክክል ለማንበብ የጎደለኝ ምንድን ነው?» ብለው ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ የጎደላቸውን ሲሞሉ ቆዩ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያሳተሙት ነገር አለ ለማለት አይቻልም። የዛሬ ወጣት ሁለት ዓመት ሳያሳትም ቢቆይ ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ ቢሆንም እላችኋለሁ፣ ከሚጽፉበት ጊዜ የሚማሩበት ጊዜ የሚያጥር ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሚጽፉት ነገር ሲያልቅባቸው አይቻለሁ።

የቋንቋው ጥቅም ምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቻይናውያን ልጆች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ። የጦር መሪው የጻኦ ጻኦ ትንሽ ልጅ፣ አንድ ዝሆን ለአባቱ በስጦታ በመጣ ጊዜ፣ አዋቂዎቹ ዝሆኑ ምን ያህል እንደሚመዝን የሚለኩበት ዘዴ ጠፍቷቸው ሲጨነቁ «ዝሆኑን ጀልባ ላይ አውጡት፤ ውኃው የደረሰበትን ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ዝሆኑን አውርዳችሁ ጀልባዋ እስከዚያው ምልክት እስክትሰጥም ድረስ ድንጋይ ጫኑባት፤ ድንጋዩን መዝኑት» አለ ይባላል። ታሪኩ የተጻፈው ስለ ሦስቱ መንግሥታት በሚተርከው ጥንታዊ የታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ስለሆነ ለዘመናት እንደ እውነተኛ ድርጊት ሲታይ ኖሯል። ቼን በ1930 ባወጡት አጭር ጽሑፍ ያው ታሪክ በአንድ የቡድሃ እምነት መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ፤ ምንጩም ህንድ እንደሆነ አስረዱ። እዚህ ላይ አንድ እክል ነበረባቸው፤ ያ የቡድሃ መጽሐፍ ወደ ቻይንኛ የተተረጎመው የታሪክ መጽሐፉ ከተጻፈ በኋላ ነው። እክሉን አልሸሸጉትም። ታሪኩ ትርጉሙ ከመጻፉ በፊት በሰው አፍ ተጉዞ ቻይና ደርሶ መሆን አለበት ብለው ምክንያታቸውን ዘርዝረው አቀረቡ። ለሐሳባቸው የማይመቸውን ነገር ራሳቸው ቀድመው አንሥተው ለአንባቢ የሚያሳዩ ጸሐፊዎች ጥቂቶች ናቸው፤ ስታገኟቸው አጥብቃችሁ ያዟቸው።

በ1925 በቤጂንግ ያለው የቺንግዋ ትምህርት ቤት (የዛሬው ቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ) የቻይና ጥናት ተቋም ሲያቋቁም አራት ታላላቅ መምህራን ተመረጡ፤ ሊያንግ ቺቻኦ፣ ዋንግ ጉዎዌይ፣ ጃኦ ዩዋንረን እና ቼን። ከሦስቱ ጋር ሲነጻጸሩ ቼን በሕዝብ ዘንድ የታወቁ አልነበሩም፤ ሥራ የጀመሩትም በ1926 ነው። ብዙ ሳይቆይ ግን ሌሎች መምህራን ሳይቀሩ ክፍላቸው እየገቡ ያዳምጧቸው ስለነበር «የመምህራን መምህር» የሚል ስም ወጣላቸው። ተማሪዎቻቸው እንደሚያወሩት መጻሕፍታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ይገቡና፣ ማስረጃውን ሰሌዳው ላይ ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ይናገሩ ነበር።

ጁን 2 ቀን 1927፣ የሥራ ባልደረባቸው ዋንግ ጉዎዌይ በቤጂንግ የበጋ ቤተ መንግሥት ባለው የኩንሚንግ ሐይቅ ራሳቸውን ሰጥመው ሞቱ። ለምን እንዳደረጉት እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ለወደቀው ንጉሣዊ ሥርዓት በነበራቸው ታማኝነት ነው የሚሉ አሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተማሪዎቹ የመታሰቢያ ሐውልት ሲያቆሙ በድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ቃል የጻፉት ቼን ናቸው። ሰው የሚያነብና የሚመራመር ልቡን ከተለምዶ እስራት ለማላቀቅ እንደሆነ ከተናገሩ በኋላ፣ የሟቹ ጽሑፎች አንድ ቀን ሊረሱ፣ አስተምህሯቸውም ሊተች ይችላል፤ ራሱን የቻለ መንፈሳቸውና ነፃ አስተሳሰባቸው ግን ከሰማይና ከምድር ጋር ይኖራል አሉ። በቻይንኛ ዐሥር ፊደል ብቻ የሆነው ይህ «ራሱን የቻለ መንፈስ፣ ነፃ አስተሳሰብ» የሚለው ቃል ኋላ የራሳቸው የቼን መታወቂያ ሆነ። ድንጋዩ ዛሬም በቺንግዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ቆሟል።

ልጆቼ፣ «ነፃ አስተሳሰብ» ሲባል ብዙዎቻችሁ የሚታያችሁ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚቃወም ሰው ነው። ቼን እንዲህ አልነበሩም። ሰልፍ አልወጡም፤ የፖለቲካ ማኅበር ውስጥ አልገቡም፤ ድምፃቸውም ዝቅ ያለ ነበር። የእርሳቸው ነፃነት የሚታየው አንዲትን መስመር ሲመረምሩ ነው። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖረው ገጣሚ ባይ ጁዪ ስለ ንጉሠ ነገሥት ሹዋንዞንግና ስለሚወዳት ስለ ያንግ ጉዌይፌይ የጻፈው ረጅም ግጥም ቻይናውያን በቃል የሚይዙት ነው። በግጥሙ መጨረሻ ሁለቱ በሰባተኛው ወር በሰባተኛው ቀን እኩለ ሌሊት፣ በፍል ውኃው ቤተ መንግሥት «የረጅም ዕድሜ አዳራሽ» ውስጥ ተቀምጠው ላይለያዩ ይማማላሉ። ለሺህ ዓመት አንባቢው ሁሉ በዚህ አልቅሷል። ቼን የንጉሠ ነገሥቱን የጉዞ መዝገብ ከፍተው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ንጉሡ ወደ ፍል ውኃው ይወርድ የነበረው ብርድ ሲገባና ብርዱ ሳይወጣ ነው እንጂ በበጋው ሙቀት አንድ ጊዜም ሄዶ አያውቅም። ያ አዳራሽም የመኝታ ቤት ሳይሆን መናፍስት የሚመለኩበት የሥርዓት ቦታ ነበር። ስለዚህ ያ መሐላ በዚያ ሌሊትና በዚያ ቦታ ሊደረግ አይችልም።

ይህን ማድረግ ግጥሙን ማዋረድ የሚመስለው ሰው ይኖራል። እኔ የሚታየኝ ተቃራኒው ነው። ያንግ ጉዌይፌይ የሞተችው በ756 ነው፤ ግጥሙ የተጻፈው በ806። በእነዚያ ሃምሳ ዓመታት ውስጥ የሕዝቡ ትዝታ ከመዝገቡ ምን ያህል እንደራቀ፣ ሰው ለሚወደው ታሪክ የትኛውን ቀን እንደሚመርጥለት የምናውቀው ስሕተቱ ስለተገኘ ነው። ቼን ግጥምን በታሪክ፣ ታሪክንም በግጥም መፈተሽ ብለው ያስተማሩት ዘዴ ይህ ነው። ሺህ ዓመት የተደነቀበትን ነገር «እስቲ ቀኑን ልቁጠረው» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ይህ ድፍረት ደግሞ ከጩኸት የሚመጣ ሳይሆን መዝገቡን ከማገላበጥ የሚመጣ ነው።

እኔ ይህን በወጣትነቴ አልተማርኩትም። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት ስለ አንድ የቆየ ትምህርት ቤት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ፣ የተከፈተበትን ዓመት ከእኔ በፊት ከጻፈ ሰው ገለበጥኩ። ሰውዬው ዓመቱን የጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነበር፤ እኔ ግን የእኛ መስሎኝ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብዬ አሳተምኩት። መጽሐፉ ከተበተነ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከገጠር ድረስ መጥተው፣ በኪሳቸው ጠቅልለው የያዙትን ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። በእኔ መጽሐፍ መሠረት እርሳቸው የተመረቁት ትምህርት ቤቱ ገና ሳይከፈት ነው። ቁጣ አልነበራቸውም፤ «ልጄ፣ እኔ ተምሬያለሁ» ብቻ ነው ያሉኝ። ያ ወረቀት ጫፉ ተበልቶ፣ እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። ዛሬም ዓመት በጻፍኩ ቁጥር ያ ወረቀት ይታየኛል።

ወደ ቼን ልመለስ። በ1937 ጃፓን ቤይፒንግን (የዛሬዋን ቤጂንግ) ስትይዝ 83 ዓመት የሞላቸው አባታቸው ምግብና መድኃኒት አልቀበልም ብለው ሞቱ። በዚያው የሐዘን ሰሞን የቼን የቀኝ ዓይን ተጎዳ። ሐኪሙ ቀዶ ሕክምና እንዲያደርጉ መከራቸው፤ ቀዶ ሕክምናው ግን በተያዘችው ከተማ ለረጅም ጊዜ መተኛትን ይጠይቅ ነበር። በወራሪ ሥር መኖርን ስላልፈለጉ ዓይኑን ትተው ባለቤታቸውን ታንግ ዩንን እና ሦስት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ተሰደዱ። አስቀድመው ወደ ቻንግሻ የላኳቸው መጻሕፍት በ1938 ከተማዋ ስትቃጠል አብረው ነደዱ። በገጾቻቸው ዳር የዓመታት ማስታወሻ የጻፉባቸው፣ ከሁሉ የሚሳሱላቸው መጻሕፍት ደግሞ በቬትናም በኩል ሲጓጓዙ ተሰረቁ። አንድ የታሪክ ሰው ከዚህ በላይ ምን ሊያጣ እንደሚችል አላውቅም።

በስደት የተጻፉት ሁለት ትናንሽ መጻሕፍት፣ አንደኛው ስለ ሱይና ስለ ታንግ ሥርወ መንግሥታት ሥርዓቶች ምንጭ፣ ሁለተኛው ስለ ታንግ ዘመን ፖለቲካ፣ ዛሬም የዚያን ዘመን ታሪክ የሚያጠና ሁሉ የሚጀምርባቸው ናቸው። በአንደኛው ውስጥ ያለ አንድ ሐሳብ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በአራተኛው መቶ ዘመን መካከለኛው ቻይና በጦርነት ሲፈርስ፣ የተማሩ ቤተሰቦች በሰሜን ምዕራብ ወዳለው ሄሺ ወደተባለ ጠባብ ምድር ሸሽተው የጥንቱን ትምህርት በየቤታቸው አቆዩት፤ ከትውልዶች በኋላም የታላቁ የታንግ መንግሥት ሥርዓት አንዱ ምንጭ ያ የተደበቀ ትምህርት ሆነ ይላሉ። ይህን የጻፉት ራሳቸው ስደተኛ ሆነው፣ መጽሐፍ አልባ ሆነው፣ በአንድ ዓይናቸው እያዩ ነው። ስለ ራሳቸው አንድም ቃል አላስገቡም። የታንግ ገዥዎች የሰሜን ዘላን ሕዝቦች ደም እንደነበረባቸው ካሳዩ በኋላም፣ በዚያ ዘመን ሰውን ከወገን የሚያስቆጥረው ከደሙ ይልቅ ያደገበት ባህል ነበር ብለው ጻፉ። ወራሪውም ተወራሪውም ስለ ደም በሚናገርበት ዘመን ይህን መጻፍ ቀላል አልነበረም።

እኛም አገር በዚያው በ1937 ወራሪ የተማሩ ወጣቶቻችንን እየለቀመ ገድሏል። የየኔታዎቻችንን ታሪክ የሚያውቅ ሰው፣ ዓይናቸው ሳያይ መጽሐፉን በቃላቸው ይዘው ጉባኤ የሚያስተምሩ ሊቃውንት እንደነበሩን ያውቃል። የቼን ሕይወት ለእኛ እንግዳ የማይሆንብን ለዚህ ይመስለኛል።

ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ መምህርነት ወንበር ሰጥቷቸው በ1940 ወደ ሆንግ ኮንግ ወረዱ፤ ጦርነቱ ግን መንገዱን ዘጋው። በ1941 መጨረሻ ሆንግ ኮንግም በጃፓን እጅ ወደቀች። ቤታቸው ረሃብ ገብቶ ሳለ ከወራሪው በኩል የቀረበላቸውን ገንዘብ ሳይቀበሉ በ1942 ወጥተው ሄዱ። በዲሴምበር 1944 ቼንግዱ ከተማ ሳሉ የቀረው ግራ ዓይናቸውም ጠፋ። እዚያ የተደረገላቸው ቀዶ ሕክምና አልተሳካም፤ በ1945 ወደ እንግሊዝ ሄደው የሞከሩትም እንዲሁ። የኦክስፎርዱን ወንበር መልሰው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከ1949 ጀምሮ በደቡቡ በጓንግጆ ከተማ ኖሩ። የሚኖሩት በፎቅ ቤት ስለነበር የቤታቸው በረንዳ ክፍል ሆነ፤ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ፣ ወንበሮች ተደረደሩ፣ ተማሪዎቹ ወደ እርሳቸው ይመጡ ነበር። ብርሃንና ጥላን ለመለየት ያህል የቀረች ጥቂት እይታ ስለነበረቻቸው፣ የክፍለ ሀገሩ የኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ታኦ ጁ ከቤታቸው ደጅ ነጭ የእግር መንገድ አሠሩላቸው፤ ነጩን ተከትለው ምርኩዛቸውን ይዘው ይንሸራሸሩ ነበር። ያ ነጭ መንገድ አሁንም በሱን ያት ሰን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ።

በ1953 የቻይና ሳይንስ አካዳሚ የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ተቋም እንዲመሩ ጠራቸው። መልእክቱን ይዘው የመጡት የቀድሞ ተማሪያቸውና ረዳታቸው ዋንግ ጂየን ናቸው። ቼን መልሳቸውን በቃል አስጻፉ። ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ተቋሙ የማርክስ ሌኒንን ትምህርት ለመከተልና የፖለቲካ ጥናት ለመቀመጥ እንዳይገደድ፣ ለዚህም የአገሪቱ መሪዎች ማኦ ወይም ሊዩ ሻኦቺ በጽሑፍ ማረጋገጫ እንዲሰጡ። በደብዳቤው ያን የ1929 ድንጋይ መልሰው ጠቀሱ፤ አስቀድሞ የተሰጠ መደምደሚያ ይዞ ምርምር መጀመር እንደማይቻል ተናገሩ። አዲስ መንግሥት በጸናበት፣ ሌሎች መምህራን ራሳቸውን እየተቹ በሚጽፉበት ዓመት የተባለ ነው። ተቋሙን አልመሩም። እዚህ ላይ ስለ ዋንግ ጂየንም አንድ ነገር ልበል። ቼን በአነጋገራቸው ተቆጥተው መልሰዋቸዋል፤ እኔ ግን በእርሳቸው ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። ዋንግ ጂየን በ1966፣ ማኦ ያስነሣው፣ ምሁራንን ያሳደደው የባህል አብዮት ገና ሲጀምር፣ ራሳቸውን አጥፍተው ሞተዋል።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደረስኩ። ቼን በኩንሚንግ ስደት ላይ ሳሉ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ማስታወቂያ አይተው ሄዱ። መጻሕፍቱ አንድም የሚረባ አልነበራቸውም። የሻጩ ነገር ስላሳዘናቸው ሌላ የሚሸጠው ነገር እንዳለ ሲጠይቁት፣ ቻንግሹ በሚባል አገር ከአንድ የድሮ ግቢ የለቀማት ቀይ የባቄላ ፍሬ የምትመስል ዘር አወጣላቸው። ግቢው በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው የባለሥልጣኑና የገጣሚው የቺየን ቺየንዪ ነበር። ቼን በደስታ ብዙ ከፍለው ገዟት፤ ለሃያ ዓመት ያህልም በሣጥናቸው አቆዩዋት። በቻይና ግጥም ቀይ ዘር የናፍቆት ምልክት ነው። ከ1954 እስከ 1964 ለዐሥር ዓመት የጻፉት፣ 800 ሺህ ያህል የቻይንኛ ፊደላት ያሉት መጽሐፍ በዚህች ዘር ታሪክ ይጀምራል።

መጽሐፉ የቺየን ባለቤት ስለነበረችው ስለ ሊዩ ሩሺ ነው። በልጅነቷ ተሸጣ በአዝማሪ ቤት ያደገች፣ ግጥምና ሥዕል የምትችል ሴት ናት። በ1645 ናንጂንግ ከሰሜን በመጡት ወራሪዎች በማንቹዎች ስትያዝ ባሏን «አብረን ውኃ ገብተን እንሙት» ብትለው እምቢ አለ፤ እጁን ሰጥቶም ለአዲሶቹ ገዥዎች አገለገለ። እርሷ ኋላ ድል ለተነሡት ታጋዮች ስትረዳ ኖራ፣ በ1664 ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ ለንብረቱ ባስጨነቋት ጊዜ ራሷን ሰቅላ ሞተች። ሦስት መቶ ዓመት ስሟ ለቀልድና ለአሉባልታ ሲጠራ የኖረ ሴት ነበረች። ቼን እያንዳንዱን ግጥም ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተላከለትን ሰው እያጣሩ ክብሯን መለሱላት። የታንግ ዘመን ታሪክ ታላቅ ሊቅ ዕድሜውን ለአንዲት የተናቀች ሴት ማዋሉን ያልተቀበሉት የሙያ ባልደረቦች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። እኔም መጽሐፉ ቢያጥር ይሻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ስለ ታንግ ገዥዎች ያቀረቡትንም ሐሳብ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በብዙ ቦታ አርመውታል። እርሳቸው ራሳቸው በ1929 አስተምህሮ ሊተች ይችላል ብለዋልና ይህ እርማት የሚያስከፋቸው አይመስለኝም።

የማያይ ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዴት ጻፈ? ኋንግ ሹዋን የሚባሉ ሴት ነበሩ። የአንድ ሐኪም ባለቤት ናቸው፤ በታሪክ ትምህርት ያልሠለጠኑ፣ የጥንቱን ጽሑፍ ግን በቤታቸው የተማሩ። ከ1952 እስከ 1966 ድረስ ለ14 ዓመት ያህል እየመጡ መጻሕፍቱን ያነቡላቸዋል፤ እንደገና አንብቢ ሲሏቸው እንደገና ያነባሉ፤ የሚሉትን ይጽፋሉ። ቼን ሌሊቱን ተኝተው ያሰቡትን፣ የሚጠቀሰውን መስመር ሳይቀር፣ እርሳቸው እስኪመጡ በአእምሯቸው ይዘው ያድራሉ። በ1962 ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ከአልጋ ከዋሉ በኋላም ሥራው አልቆመም። በ1964 ስለ ረዳታቸው በጻፉት ምስክርነት፣ እርሷ ባትረዳኝ ኖሮ ምንም የማልረባ ሰው ሆኜ በቀረሁ ነበር ብለዋል። ከእናንተ መካከል ጥቂቶቹ እንደ ቼን የሚጽፉ ይሆናሉ። ብዙዎቻችሁ ግን የአባቶቻችሁንና የመምህሮቻችሁን ቃል በጥንቃቄ መጻፍ ትችላላችሁ፤ እባካችሁ አድርጉት፣ ጊዜውም አጭር ነው።

በ1966 የባህል አብዮቱ ሲነሣ የቤታቸው ግድግዳ በክስ ጽሑፍ ተሸፈነ፤ ዓይናቸው ለማያይ፣ ጆሯቸው ብቻ ለቀረላቸው ሰው በቤታቸው ዙሪያ የድምፅ ማጉያ ተተከለ። ኋንግ ሹዋን እንዳይመጡ ሆነ። ቼን ልባቸው ታምሞ ፈሳሽ ብቻ ይወስዱ ስለነበር፣ ነፍሳቸውን ለማቆየት በቀን አራት ጠርሙስ ወተት እንዲፈቀድላቸው ለመለመን ማመልከቻ አስገብተዋል። በ1969 ከዚያ ነጭ መንገድ ካለው ቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 7 ቀን ሞቱ። ባለቤታቸው ታንግ ዩን በ45ኛው ቀን ተከተሏቸው።

ጽሑፎቻቸውን ለትውልድ ያተረፉት ተማሪያቸው ጂያንግ ቲየንሹ ናቸው። በ1964 ጓንግጆ ድረስ ሄደው አደራውን ተቀበሉ። ያን ጊዜ ቼን አልጋ ላይ ሆነው ሲያነጋግሯቸው ተቀመጥ ማለት ረስተው፣ ጂያንግ ግን ጸጉራቸው የሸበተ ፕሮፌሰር ሆነው ሳለ በመምህራቸው ፊት እስከ መጨረሻው እንደ ቆሙ ይነገራል። በ1980 የተሰበሰበው ሥራ ታትሞ ሲወጣ ስለ ሊዩ ሩሺ የተጻፈውም መጽሐፍ አብሮ ወጣ። ጂያንግ የራሳቸውን ምርምር አቆይተው የመምህራቸውን ጽሑፍ ሲያቃኑ ኖረዋል። የቼንና የባለቤታቸው አፅም በ2003 በሉሻን ተራራ የዕፅዋት ማዕከል ተቀበረ፤ ከመቃብሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ለዋንግ ጉዎዌይ የጻፏቸው ዐሥሩ ፊደላት ተቀርጸዋል።

ይህን ደብዳቤ ጽፌ ስጨርስ የልጅ ልጄ እንድታነብልኝ ሰጠኋት፤ አሁን ዓይኔ ያያል፣ ግን ለምዶብኛል። የባለቤታቸው ሞት ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀኑ መቼ ነበር ብላ ጠየቀችኝ፤ ኖቬምበር 21 አልኳት። ብዕሯን አነሣች። ኦክቶበር 31 ቀን ስለሆነ 24 ቀን ይቀረዋል፣ 21 ሲጨመርበት 45 ብላ በወረቀቱ ዳር ጻፈችና «ልክ ነው፣ አባባ» አለችኝ፤ ከዚያም ያን መስመር እንደገና አነበበችልኝ።